የአይሲቲ ክበብ፦ ከዝመና በኋላ አልነሳ የሚሉ ኮምፒውተሮች

የዘንድሮው የክበባችን ሥራ በአብዛኛው በቤተ ሙከራው የኡቡንቱ 22.04 እና የሊኑክስ ሚንት (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠሩ ሲስተሞች) ማሽኖች ላይ ነበር፤ ማታ ዝመና ተጭኖላቸው ጠዋት ዴስክቶፕ አላሳይ የሚሉት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚሰማው «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ስክሪን ጠቆረ ማለት ግን ሲስተሙ ሞተ ማለት አይደለም። ፎርማት የተማሪዎችን ፋይል ይዞ ስለሚሄድ አባላት መጀመሪያ የሚያዩት ኮምፒውተሩ የት ላይ እንደቆመ ነው።

ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አንድ ላይ ሲጫኑ ጥቁር ገጽ መጥቶ የተጠቃሚ ስም ከጠየቀ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው ዴስክቶፑ ወይም የቪዲዮ ካርዱ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ላይ ነው። ካልመጣ ሲስተሙን ወደሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ወደ ግሩብ ሜኑ መግባት ያስፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ባዮስ በሚባለው አሮጌ ማስጀመሪያ በሚሠሩ ማሽኖች ሺፍትን ይዞ በመቆየት፣ በአዲሱ በዩኢኤፍአይ ደግሞ እስኬፕን አንዴ በመንካት። እስኬፕን የሚደበድብ ተማሪ ሜኑውን አልፎ የግሩብ ትዕዛዝ መስመር ላይ ይወድቃል፤ «ሪቡት» ብሎ ጽፎ እንደገና መጀመር ነው። በሜኑው «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ሥር የቀድሞው ከርነል አለ። በእሱ ከተነሳ ጥፋተኛው አዲሱ ከርነል ነው።

ዋናው ጠላት መብራት ነው። ዝመና እየተጫነ መብራት ከጠፋ ጥቅሎቹ (ፕሮግራሞች ታሽገው የሚመጡባቸው ፋይሎች) ተፈትተው ሳይደላደሉ ይቀራሉ። መጀመሪያ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» የሚል ትዕዛዝ ይሰጣል፤ ሱዶ በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያዝ፣ ዲፒኬጂና አፕት ደግሞ ጥቅል የሚጭኑ ናቸው። አዲሱ ከርነል ዲስክ ላይ ወርዶ ኢኒትራምኤፍኤሱ (ከርነሉ ሲነሳ የሚጠቀምበት የመነሻ ፋይል) ሳይሠራለት ከቀረ ዋናውን ክፍልፍል (ሲስተሙ ያለበትን የዲስክ ክፍል) ማግኘት ያቅተውና «ከርነል ፓኒክ» ብሎ ቀጥ ይላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፦ «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ» ያለውን ያድሳል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። በአሮጌው ከርነል ገብቶ «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ሲ -ኬ» ካሉ በኋላ የአዲሱን ከርነል ሙሉ ቁጥር መስጠት፣ ከዚያ «አፕዴት-ግሩብ» ማለት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ግሩብ አዲሱን ፋይል አያውቀውም።

ፓስወርድ ተቀብሎ መልሶ እዚያው መግቢያው ላይ የሚጥል ማሽን ብዙ ጊዜ ዲስኩ ሞልቶበታል። የዲስክ ቦታን የሚያሳየው «ዲኤፍ -ኤች» 100 በመቶ ካሳየ «ሱዶ አፕት ክሊን» እና «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» የወረዱ ጥቅሎችንና የቆዩ ከርነሎችን ያነሳሉ። በሚንት ላይ ሌላም ምክንያት አለ፦ በመስኮት የሚከፈት ፕሮግራም በሱዶ ተከፍቶ ከሆነ በተጠቃሚው የግል ማህደር ያለው የኤክስኦቶሪቲ ፋይል (ዴስክቶፑን ለመክፈት የሚፈቅደው) የሩት፣ ማለትም የአስተዳዳሪው፣ ንብረት ሆኖ ይቀራል፤ ባለቤት በሚቀይረው «ቻውን» ትዕዛዝ ለባለቤቱ መመለስ ነው። ፓስወርዱን ጭራሽ አልቀበልም ካለ ደግሞ ዝመናውን ከመኮነን በፊት ኪቦርዱ ወደ አማርኛ ተቀይሮ እንደሆነ ማየት ይቀድማል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ስንቱን አደከመ!

የኤንቪዲያ ካርድ ያለበት ማሽን ከአዲስ ከርነል ጋር ከጠቆረ ግሩብ ላይ «ኢ»ን ተጭኖ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ከርነሉ የስክሪኑን አሠራር ራሱ እንዳያስተካክል የሚያደርገውን «ኖሞድሴት» ጨምሮ በኤፍ10 ማስነሳት ይቻላል። ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ድራይቨሩ ለአዲሱ ከርነል እንዲሠራ የዚያው ከርነል ሄደር ጥቅል (ድራይቨሩ የሚገነባባቸው ፋይሎች) መጫን አለበት።

ትንሽ የምትመስለው የማዘርቦርድ ባትሪም ታስቸግራለች። ሲአር2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስትደክም ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አፕትም የጥቅል ዝርዝሩን «ገና አልጸናም» ብሎ ይመልሰዋል። ሰው ኔትወርኩን ሲፈትሽ ይውላል፤ ጥፋቱ ግን ባትሪዋ ናት።

ደብረ ማርቆስ ላይ ከጮቄ ተራራ በኩል ደመና ሲጠቁር ዝመና አይጀመርም፤ ይህ የክበቡ ሕግ ሆኗል። ኢንተርኔቱም ደካማ ስለሆነ አንዱን ማሽን በአፕት-ካቸር-ኤንጂ የጥቅል ማከማቻ ማድረጉ ይበጃል፤ ሌሎቹ በፖርት 3142 ከእሱ ስለሚወስዱ ያው ጥቅል ሁለት ጊዜ አይወርድም። ለመስከረም የቀረው የዩፒኤሶቹን (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጡ መሣሪያዎች) ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች መለወጥ ነው። ያሉት መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በሥርዓት ለመዝጋት እንኳ አይበቁም።