ከክንድ ማሰሪያው በፊት የካልሲ ኳሱ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ፀደይ በገባ ቁጥር በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ወላጆች «ልጄ ቤዝቦል ጀምሯል፤ አወራወሩ እንዲስተካከል ምን ልግዛለት?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እግር ኳስ እያየ ያደገ ወላጅ የሚያውቀው የእጅ ውርወራ ደረትን ወደ ፊት ሰጥቶ በሁለት እጅ ከራስ በላይ የሚወረወረውን ነው፤ የቤዝቦሉ ግን በጎን ከመቆም ይጀምራል።

እንደኛ ከሆነ ስሕተትን የሚያሳይ መሣሪያ ይጠቅማል፤ ክንድን የሚያስር ይቅር። ክርንን 90 ዲግሪ ላይ ቆልፎ የሚይዘውን ማሰሪያ ይመልከቱ። ሲወረወር ክርን ይታጠፋል፣ ከዚያ ይዘረጋል። የታሰረ ክርን ስለማይዘረጋ ልጁ ኳሱን ከጆሮው ሥር መግፋት ይለምዳል፤ ማሰሪያው ቢፈታም ልማዱ አይፈታም።

ከሁሉ የሚሻለው ተራ ጥቁር ናስትሮ ነው። ኳሱን አንድ ዙር ይጠምጥሙት። ልጁ ሌባ ጣቱንና የመሃል ጣቱን የፈረስ ኮቴ በሚመስለው ስፌት ላይ አግድም ያሳርፍ፤ ናስትሮው በሁለቱ ጣቶች መሃል ይለፍ፤ አውራ ጣት ከሥር ይሁን፤ በኳሱና በመዳፉ መካከልም ክፍተት ይኑር። እጁ ትንሽ ከሆነ በሦስት ጣት ቢይዝ ነውር የለውም። ከ8 ሜትር ያህል ርቀት ሲወረውር ኳሱ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ከሾረ፣ ናስትሮው አየር ላይ አንድ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። መስመሩ ከተወላገደ ጣቶቹ ኳሱን ከጎን ለቀውታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከሥር ወጥቶ ወደ ጎን የሸሸው አውራ ጣት ነው። ናስትሮ ያንሸራትታልና ከ15 ወይም ከ20 ውርወራ በኋላ ወደ ባዶው ኳስ ይመለሱ።

ለእግር ጠመኔ ይበቃል። ከኋላ እግር እስከ ተቀባዩ አቅጣጫ መስመር ያስምሩ። ቀኝ እጁ የሚወረውር ልጅ ግራ ትከሻውን ወደ ተቀባዩ ያዞራል፤ ግራ እግሩ መስመሩ ላይ ያርፋል፤ ክርኑም ትከሻው ከፍታ ድረስ ይነሳል። እግሩ ከመስመሩ ወደ ግራ ከራቀ ዳሌው ቀድሞ ይከፈትና ሥራው ሁሉ በክንዱ ላይ ይወድቃል፤ ኳሱም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝና ወደ ላይ ያመልጣል።

ቤት ውስጥ የሰፈራችን የካልሲ ኳስ ይሠራል። ቤዝቦል ከ142 እስከ 149 ግራም ይመዝናል፤ ካልሲውን በጨርቅ ጠቅጥቀው በኩሽና ሚዛን እዚያው ገደማ ያድርሱት። መስኮት ስለማይሰብር ልጁ ሳይሳቀቅ ይወረውራል። ግቢ ውስጥ የሚተከለውን መረብ ግን ብዙም አንወደውም፤ ኳሱን ስለሚውጠው ወዴት እንደጠመመ አይታይም።

በሶፍትቦል (ተለቅ ባለ ኳስ በሚጫወቱት የቤዝቦል ዓይነት) ሜዳ ላይ ያለች ተጫዋች የምትወረውረው እንደ ቤዝቦሉ ከላይ ነው፤ ከሥር የሚሾረው የፒቸሯ፣ ማለትም ለመቺዋ ኳስ የምትወረውረው ተጫዋች፣ አወራወር ሌላ ትምህርት ነው። እዚህ ዋናው ጣጣ የኳሱ መጠን ነው። ዙሪያው 12 ኢንች የሆነው ኳስ ለ9 ዓመት ልጅ ሲሰጣት ጣቷ ስለማይደርስ በመዳፏ ትይዘውና ትገፋዋለች። 11 ኢንቹን ይስጧት።

ከመደበኛው የከበዱ ኳሶች ፍጥነት ይጨምራሉ ተብለው ይሸጣሉ። አጥንቱ ገና እያደገ ላለ ልጅ አንመክርም፤ በክርን ውስጠኛ ጎን ያለው የአጥንት ማደጊያ ከጅማቱ ይልቅ ደካማ ስለሆነ ጫናው መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። የልጆች ቤዝቦል ድርጅት የሆነው ሊትል ሊግ ከ9 እስከ 10 ዓመት ላለ ፒቸር በቀን 75፣ ከ11 እስከ 12 ላለው 85 ውርወራ ብሎ ጣሪያ አስቀምጧል፤ በጓሮ የተወረወረውን ግን ከወላጅ በቀር የሚቆጥረው የለም። ልጁ የክርኑን ውስጠኛ ጎን አመመኝ ካለ ያን ቀን ውርወራው ይቁም፤ በማግሥቱም በረዶ ተደርጎበት ሜዳ አይመለስ፣ ሐኪም ይየው።

በጎ ፈቃደኛ የልጆች አሠልጣኞች
ሜሪላንድ