ማዜን ከቁጥር ያስወጣች «ብቻ»

ለክቡር አዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ቆርኬ ስለሚባለው ባለቀንድ የሜዳ እንስሳ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ዓይኔ አታልሎኝ እንዳይሆን ብዬ ነው። አላታለለኝም። የስዌይን ቆርኬ የሚባለው ዘር በዓለም ላይ የቀረው ሻሸመኔ አቅራቢያ ባለው የሰንቀሌ መጠለያ «ብቻ» ነው ይላል፤ እኛ አገር ማዜ ላይም ግን አለ። አንጀቴን ያሳረረችው ይህች አንዲት ቃል ናት።

እኔ የጋሞ ዞን፣ የዳራማሎ ሰው ነኝ። ያደግኩት ከብት እየጠበቅኩ፣ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ የሆነውን የማዜን ሜዳ ቁልቁል እያየሁ ነው። ቆርኬ ኩይሳ ላይ ወጥቶ ረጅም ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ሲቆም አውቀዋለሁ። ዝናብ ሲያባራ አውራው ተንበርክኮ ፊቱንና ቀንዱን ጭቃ ላይ ያሻል፤ ቀና ሲል ግንባሩ በጭቃ ተለስኗል። ይህንን ከአባቴ ጎን ቆሜ ስንት ጊዜ አየሁ! አሁን አንድ ጋዜጠኛ ማዜን ሳይረግጥ ያየኸው ሁሉ የለም ይለኛል።

ሰንቀሌን አላጣጥልም፤ ባለውለታችን ነው። ነገር ግን ሰንቀሌ 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ማዜ ደግሞ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። በ1997 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ የተባለውም በዋናነት ለዚሁ ለቆርኬ ሲባል ነው። በስሙ የሚጠራው የማዜ ወንዝ መሐሉን አቋርጦ ወደ ኦሞ ይወርዳል። ይህንን ለማወቅ አንድ ስልክ መደወል ይበቃ ነበር፤ ዘጋቢያችሁ ያቺን አንዲት ስልክ ነፈገን።

ስህተቱ ቀላል አይደለም። ይህ እንስሳ ድሮ ሶማሊያ ሜዳ ላይ በመንጋ ይታይ ነበር፤ ዛሬ እዚያ ዘሩ የለም። በ1966 ዓ.ም. ከሰንቀሌ ተጭኖ ወደ ነጭ ሳር ፓርክ የተወሰደውም ተመናምኖ አልቋል ማለት ይቻላል። በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ግርግር ሰንቀሌ ራሱ በአዳኝ ጥይት ክፉኛ ተመታ። ነገ ወረርሽኝ ቢገባ ወይም እንደዚያን ጊዜ ያለ ቀን ቢመጣ ዘር የሚተርፈው የት ነው? ማዜ የለም ብሎ የጻፈ ሰው፣ ለማዜ የሚመደብ በጀት አያስፈልግም ብሎ ለሚያስብ ባለሥልጣን ማስረጃ አቀበለ።

ሌላም አለ። ዘገባው የአካባቢውን ሕዝብ በጅምላ «የዱር እንስሳት ጠላት» ብሎታል። ማነው ጠላቱ? ቆላው ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፍ የቆላ ዝንብ አለበት፤ አባቴ በገንዲ ሁለት የእርሻ በሬ ቀብሯል። ዝንጀሮና ከርከሮ በቆሏችንን ጨርሶት ለአንድ መሥሪያ ቤት አመልክተን የሰጡን መልስ «ተመልሳችሁ ኑ» የሚል ነበር። ሦስት ጊዜ ተመለስን። ያም ሆኖ ቆርኬ ላይ ጦር አላነሣንም። በበጋ ሣር እናቃጥላለን፣ አልክድም፤ ያለ ልክ ሲቃጠል ጉዳቱም ብዙ ነው። ግን ከቃጠሎው በኋላ የሚወጣውን ለምለም ሣር ፈልጎ ቀድሞ የሚደርሰው ቆርኬው እንደሆነ እዚያ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ሌሊቱን በእግራቸው ሲዞሩ የሚያድሩት ስካውቶችስ፣ የፓርኩ ጠባቂዎች፣ የማን ልጆች ናቸው?

በሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሲያልቁ ካሜራው ሁሉ ወደ እኛ ዞሮ ነበር። ቀብሩ ሲያበቃ ካሜራውም ሄደ። አገራችን የሚነሣው ሬሳ ሲወጣበት ብቻ መሆኑ ያመኛል፤ ሕይወት ያለውን ነገራችንንማ ለሌላ ሰጣችሁት።

ስለዚህ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን፣ ማስተካከያ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ዘጋቢያችሁም የሶዶን የሳውላ መንገድ ይዞ ሞርካ ይውረድ። ታላቅ ወንድሜ እዚያው ስካውት ነው፤ ኩይሳው ያለበትን ያሳየዋል።

የዳራማሎ ተወላጅ፣ ከአርባ ምንጭ