ከፋርማሲው መስኮት በፊት የግፊት መለኪያው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«ስንፈተ ወሲብ» የሚለው ቃል ጋዜጣችሁ ላይ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው በጤና ዓምድ ሳይሆን በማስታወቂያ ገጽ ነው፤ ከኪንታሮትና ከችፌ ጋር ተደርድሮ፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር ተጽፎለት። የጅማ አንባቢያችሁም ወይ ይደውላል፣ ወይ ፋርማሲ ጎራ ብሎ መስኮቱ ላይ ጎንበስ ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያቺን ስጠኝ» ይላል። ያቺ ማን እንደሆነች ሻጩ ያውቃል። ግፊቱ ሳይለካ፣ ስኳሩ ሳይታይ፣ ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ሳይጠየቅ ባለ 100 ሚሊ ግራሟን ሲልዴናፊል (ቪያግራ) ኪሱ ከቶ ይወጣል። በዚህችው ከተማ በተመላላሽ ሕክምና የምንሠራ ባለሙያዎች ነን፤ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። መጀመሪያ ምርመራ፣ ኪኒኑ ካስፈለገ በኋላ።

ብልት የሚቆመው ደም ገብቶበት፣ የገባው ደም ተይዞ ሲቆይ ነው። ወደዚያ ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የልብን ጡንቻ የሚመግቡት ግን ከ3 እስከ 4። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ሲጋራና ኮሌስትሮል የቧንቧዎችን ውስጠኛ ግድግዳ የሚያበላሹት በመላ ሰውነት ቢሆንም ቀድማ የምትቸገረው ቀጭኗ ናት። በዚህ የተነሳ የልብ ሕመም ደረት ላይ ከመሰማቱ ከ2 እስከ 5 ዓመት ቀድሞ መኝታ ቤት ውስጥ ሊታወቅ ይችላል። ምክንያቱን ሳያስመረምር ኪኒን ብቻ የሚውጥ ሰው፣ የዘይት መብራት ሲበራበት አምፖሏን ነቅሎ መንገዱን እንደሚቀጥል የባጃጅ ሾፌር ነው።

አንድ ሌሊት እምቢ ማለቱ በሽታ አይደለም። ለቅሶ ቤት አድሮ መምጣት፣ መጠጥ፣ ጠብ፣ የአዲስ ሙሽራ ፍርሃት ያመጡት ያልፋል። ወደ ሐኪም የሚያስኬደው ብዙውን ጊዜ አልቆም ሲል፣ ወይም ቆሞ ግንኙነቱ ሳያልቅ ሲረግብ፣ ይህም 3 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው። ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ግን 3 ወር መቁጠር የለበትም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮው ይናገር። ውሃ ጥም የበዛበት፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ የሚነሳ፣ ሳይጾም የከሳ ሰውም እንደዚሁ። ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚጨንቀው ወይም ሲራመድ ባቱን እየያዘው የሚቆም ሰው በዚያው ሳምንት ይታይ። የወሲብ ፍላጎቱ ራሱ ከጠፋ፣ ጡቱ ካበጠ፣ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለበት ደግሞ ነገሩ የሆርሞን ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ሌላ መንገድ ይይዛል። ብልቱ ሲቆም የሚጣመምና የሚያምም ከሆነም ኪኒን አያቃናውም፤ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ይየው።

አዲስ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ችግሩ የመጣበት ሰው ተጠርጣሪው እጁ ላይ ነው። ለግፊት የሚሰጡት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል፣ ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ይህን ሊያመጡ ይችላሉ። ሐኪሙ መቀየር ወይም መጠኑን ማስተካከል ይችላል። በራስ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው፤ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል በድንገት ሲቆሙ ግፊቱና የልብ ምቱ ይነሳሉ፣ ልቡ የታመመ ሰው ደግሞ ከባድ የደረት ሕመም ሊይዘው ይችላል።

ጧት ከእንቅልፍ ሲነሳ ብልቱ ይቆማል? ይህን ሐኪሙ መጠየቁ አይቀርም፣ መልሱን ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። ጤነኛ ወንድ በሌሊት ከ3 እስከ 5 ጊዜ በእንቅልፍ ልቡ ይቆምለታል። የጧቱ ካለና ከባለቤቱ ጋር ሲሆን ብቻ ከጠፋ ጭንቀት ወይም በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ይጠረጠራል። የጧቱም ቀስ በቀስ እየጠፋ ከመጣ የደም ሥር፣ የነርቭ ወይም የሆርሞን ጉዳይ ነው ብሎ መነሳት ይሻላል። ሁለቱ ተደራርበው መምጣታቸውም የተለመደ ነው፤ አካሉ አንድ ቀን ይሰንፋል፣ ፍርሃቱ ቀሪውን ቀን ይጨርሰዋል።

ካርድ ክፍል ላይ ሰልፍ ፊት ሁሉን መናገር አያስፈልግም፤ «ለሐኪም የምነግረው የግል ጉዳይ ነው» ይበቃል። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ግን «ወገቤን ያመኛል» እያሉ መዞር ቀኑን ያባክናል፤ የወገብ ራጅ ታዝዞ ይመለሳሉ። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ «ብልቴ አይቆምልኝም፣ ይህን ያህል ጊዜ ሆነኝ» ማለት ነው። ለመጀመሪያው ምርመራ ጤና ጣቢያ ይበቃል፦ ግፊት፣ በባዶ ሆድ የስኳር ምርመራና የሽንት ምርመራ። የስኳሩ ምርመራ 8 ሰዓት ያህል ሳይበሉ መቆየትን ይጠይቃል። ውሃ ይፈቀዳል። እዚህ ከተማ ቡና ሳይቀምስ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነውና እናሳስባለን፦ ስኳር የተጨመረበት አንድ ስኒ ውጤቱን ያበላሸዋል። በዴሲ ሊትር ከ126 ሚሊ ግራም ጀምሮ ያለ ቁጥር በሌላ ቀን ተደግሞ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው፤ ግፊትም በተለያየ ቀን 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ይጀመራል። ቴስቶስትሮን ማስለካት የሚያስፈልገው ሰው ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ደሙን ይስጥ፤ ሆርሞኑ ከሰዓት በኋላ ስለሚወርድ የከሰዓቱ ቁጥር ያሳስታል። አንድ ዝቅ ያለ ውጤት ይዞ መርፌ መጀመርም አይገባም፣ በሌላ ጧት ይደገማል። ልጅ መውለድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የቴስቶስትሮን መርፌ የወንድ ዘር (ስፐርም) ምርትን እንደሚያዳክም ይወቅ።

ስለ ጫት ሳንናገር ከጅማ የተጻፈ ደብዳቤ አይሆንም። ጫት ስሜት ይጨምርልኛል የሚል ብዙ ነው። ስሜትና መቆም ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ምርቃናውን ለመስበር በሚወሰደው ጨብሲ ላይ ያለው አልኮል ደግሞ የቀረውን ያደነዝዛል። ከሁሉም የሚያሳስበን «ያቆየኛል» ተብሎ የሚዋጠው ትራማዶል ነው፤ ሱስ ያስይዛል፣ መጠኑ ሲያልፍ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ሲቆይም ፍላጎቱን ራሱን ይገድላል።

ኪኒኑን አንቃወምም። ሲልዴናፊል ከ1998 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ በትክክል ከተወሰደ። የተለመደው መነሻ 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ፣ ጉበቱ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ፣ ኢሪትሮማይሲን ወይም ኬቶኮናዞል ለሚወስድ 25። ከግንኙነት አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይወሰዳል፣ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይደገምም። «አልሠራልኝም» ከሚሉት ብዙዎቹ ጥብስ ወይም ሳምቡሳ በልተው ወዲያው የዋጡ ናቸው፤ ቅባት መድኃኒቱን በ1 ሰዓት ያህል ያዘገየዋል። ሌሎቹ ውጠው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ኪኒኑ ግን ስሜት አይፈጥርም፤ መነካካትና መፈላለግ ከሌለ አይሠራም። በተለያየ ቀን ቢያንስ 6 ጊዜ በትክክል ሳይሞከር ከሽፏል አይባልም። ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያቋርጥ ወጥቶ ደረቱን የማያመው መሆኑን ይይ፤ የግንኙነት ድካም ከዚያ ብዙም አይለይም።

የማይታለፈው ክልከላ ናይትሬት ነው፦ ለደረት ሕመም በምላስ ሥር የሚቀመጠው ናይትሮግሊሰሪንና አይሶሶርባይድ። ናይትሬትና ይህ ኪኒን ሲገናኙ ግፊቱ በአንዴ ይወርድና ሰው ሊሞት ይችላል። ኪኒኑን የወሰደ ሰው ደረቱን ቢያመው ድንገተኛ ክፍል ገብቶ መቼ ምን እንደዋጠ ባለቤቱ ፊትም ቢሆን ይናገር፤ ከሲልዴናፊል በኋላ 24 ሰዓት፣ ተመሳሳይ ኪኒን ከሆነው ከታዳላፊል በኋላ 48 ሰዓት ናይትሬት አይሰጠውም። ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን የሚወስድም አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» ተብሎ በማር ወይም በዱቄት መልክ የሚሸጠውም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ እንዲህ ያሉ ምርቶች በየአገሩ ሲመረመሩ ያልተጻፈ ሲልዴናፊል ተደባልቆባቸው ተገኝቷል። ባለ ናይትሬቱ ሰው ማር ቀመስኩ ብሎ ነው የሚወድቀው።

ሌሊቱን ሳያሳድሩ ሆስፒታል የሚያስኬዱም አሉ። ከግንኙነት ውጭ ከ4 ሰዓት በላይ ሳይረግብ የቆየ ብልት (ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለታችን አይደለም፣ አራት ሰዓት ሙሉ)፦ ውስጡ የታሰረው ደም ኦክስጅን ያልቅበትና ሥጋው ይጠባሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚመለስ መቆም ላይኖር ይችላል። ቶሎ ከደረሰ በመርፌ ደሙ ይቀዳለታል። በግንኙነት መካከል ቀው ብሎ ረግቦ ያበጠና የጠቆረ ብልትም በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። በድንገት መቆም አቅቶት በጭኖቹ መካከል የደነዘዘና ሽንት የታሰረበት ሰውም ነርቭ ተጨፍልቆበት ሊሆን ይችላልና እንዲሁ ይሂድ።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለን ጥያቄ ትንሽ ነው። ማስታወቂያዎቹን ማውጣት የግድ ከሆነ ከእያንዳንዱ ሥር በዚያው የፊደል መጠን አንድ መስመር ይግባ፦ «ግፊትዎንና ስኳርዎን ሳይለኩ አይውሰዱ፤ ናይትሬት የተባለውን የልብ መድኃኒት ከወሰዱ ፈጽሞ አይውሰዱ።»

በጅማ ከተማ በተመላላሽ ሕክምና የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች