ጠርዙን ያልሰፋሁበት ምክንያት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሚጡ፣

እንደምን ከርመሻል? ማሙሽስ እንዴት ነው? ባለቤትሽስ ሥራው እንዴት ይዞታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ቢያማትም የመምጣታችሁን ዜና ከሰማች ወዲህ እንደ ኮረዳ ነው የምትራመደው። በርበሬው ተደልዟል፣ ሳሎኑ ቀለም ሊቀባ ነው፣ መጋረጃው ወርዶ ታጥቧል። ይህ ሁሉ ሽር ጉድ ለአንድ የአምስት ወር ሕፃን!

የላክሽው የምንጣፍ ንድፍ ደርሶኛል። በስልኩ ላይ ለዓይኔ ስላነሰብኝ ኮምፒውተር ቤት ወስጄ በትልቅ ወረቀት አሳተምኩትና ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ፣ ከመኪና ወንበር ልኬቶቼ አጠገብ ለጠፍኩት። ደንበኞች «ይህ ደግሞ የምን መኪና ወንበር ነው?» ይሉኛል። «ገና ጎማ ያላወጣ ነው» እላቸዋለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳየው ኮርቻለሁ። ሦስት እጥፍ ሆኖ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ፣ ሲዘረጋ 126 ሳንቲሜትር በ70 የሚሆን፣ ሽፋኑ ወልቆ የሚታጠብ፣ እንግድነት በሄድሽበት ቤት ሁሉ ሴራሚክም ይሁን ሲሚንቶ አንጥፈሽ ልጅሽን የምታኖሪበት ምንጣፍ። የአባቷ ልጅ አልኩ። ነገር ግን የሠራሁት ከሥዕልሽ የሚለይባቸው ቦታዎች አሉና «አባዬ አርጅቷል፣ ረስቶት ነው» እንዳትዪ አስቀድሜ እጽፍልሻለሁ። አልረሳሁም። ሆን ብዬ ነው።

ዋናው ጠርዙ ነው። ዙሪያውን ስምንት ሳንቲሜትር ከፍ ያለ፣ ጥጥ የተሞላ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ያበጠ ጠርዝ ሥለሻል። ከሥዕሉ ሁሉ የሚያምረው እርሱ ነው። አልሰፋሁትም፤ ብትቆጪም አልሰፋውም።

ምክንያቱን ለመናገር ሠላሳ አንድ ዓመት የደበቅሁሽን ነገር ማውጣት ሊኖርብኝ ነው። ቅንድብሽ ላይ ያለችውን ምልክት የበሩ ደፍ አደናቅፎሽ ያመጣሻት እንደሆነች ነው የምታውቂው። አይደለም። ያን ጊዜ ልክ እንደ ማሙሽ የአምስት ወር ልጅ ነበርሽ። እናትሽ ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ ከእኔ ጋር ወርክሾፕ ቀረሽ። እዚያ ወገቤ ድረስ በሚመጣው መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩሽ። እንዳትወድቂብኝም በአንድ በኩል የቮልስዋገን የኋላ ወንበር መደገፊያ፣ በሌላው በኩል የሾፌሩን መቀመጫ አደረግሁልሽ። ሁለቱም የዚያኑ ሳምንት በእጄ የሞላኋቸው ነበሩ። ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁት። ለንጉሥ ልጅ የሚሆን አልጋ ሠርቻለሁ ብዬ ፈገግ ማለቴ ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ ተገልብጠሽ አታውቂም። ክር ላነሳ ዘወር ስል ድምፁን ሰማሁ። ልቅሶሽን አይደለም፤ ልቅሶሽ የመጣው ቆይቶ ነው። መቀመጫውን በእግርሽ ስትገፊው ጠረጴዛው ላይ ተንሸራትቶ አንቺንም ይዞሽ ወርዷል። እርሱ በጀርባው ወደቀ፣ አንቺ ሲሚንቶው ላይ። ጤና ጣቢያ ያየችሽ ነርስ እርግብግቢትሽን በጣቶቿ ዳሰሰች፣ ቅንድብሽን በሦስት ክር ሰፋች፣ ካስታወከች ወይም አልነቃ ካለች በሌሊትም ቢሆን አምጧት ብላ ላከችን። ሌሊቱን ሙሉ በየሰዓቱ ስንቀሰቅስሽ አደርን። የደፉን ታሪክ የፈጠረችው እናትሽ ናት። አያትሽ እኔን እንዳትገድለኝ አስባ ነው።

መላልሼ ያሰብኩት ግን ይህን ነው። እነዚያ መቀመጫዎች ባይኖሩ ኖሮ እጄን ከሆድሽ ላይ አላነሳም ነበር። ክሩ ይቅር ብዬ እቆም ነበር። ስፖንጁን አምኜ ነው ዘወር ያልኩት።

ያንቺ ጠርዝም እንዲሁ ነው፤ ስታዪው ልብሽን ያሳርፈዋል። ማሙሽ ግን ዛሬ ባይሆን በወሩ በላዩ ተንከባሎ ይሻገረዋል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ፊቱን ይቀብርበታል። አንቺ ያለሽበት አገር ራሱ ይህን ከፍሎ የተማረ ነው። የሕፃናት አልጋ ዙሪያ የሚታሰረው የተሞላ ጠርዝ ስንት ዓመት ሲሸጥ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ፕሬዚዳንት ባይደን በፈረሙት ሕግ መሠራቱም መሸጡም ተከለከለ። ጭንቅላታቸው ከእንጨቱ እንዳይጋጭ ተብሎ የመጣ ነገር፣ ሕፃናት አፍንጫቸው ተቀብሮበት ወይም በእርሱና በፍራሹ መካከል ገብተው የሚታፈኑበት ሆኖ ተገኘ። በዚያው ሕግ ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ የሕፃን መተኛም ታግዷል። ስለዚህ «ወተት እንዳይመልሰው ራስጌው ትንሽ ከፍ ይበል» ያልሽውም ቀርቷል። ባዘነበለ ነገር ላይ የተኛ ሕፃን አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና ትንፋሹን ያጠብበታል። ዕድሜዬን ሙሉ ያዘነበለ ወንበር ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ይህኛው ግን ዝርግ ነው።

ወደ ስፖንጁ ልምጣ። የሰማ ሁሉ «ለሕፃን አይደለም እንዴ፣ ለስላሳ አድርገው እንጂ» ይለኛል። ለስላሳ ስፖንጅ ክብደት ሲያርፍበት እስከ ታች ይደቅቅና ሴራሚኩ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ነገሩ እንደ ፍሬን ነው። የሚወድቅ ጭንቅላት በ2 ሚሊሜትር ውስጥ ቀጥ ሲል እና በ2 ሳንቲሜትር ውስጥ ተይዞ ሲቆም የምቱ ልዩነት አሥር እጥፍ ነው። ስለዚህ ከታች 2 ሳንቲሜትር ጠንከር ያለ፣ ውኃ የማይመጥ ፎም አደረግሁ፤ ከመኪና ምንጣፍ ሥር የማነጥፈው ዓይነት ነው። ከላይ 1 ሳንቲሜትር ዴንሲቲው 30 የሆነ ስፖንጅ አለበት። (ሻጮቹ ዴንሲቲን ጥንካሬ አድርገው ነው የሚያወሩት። 30 ማለት አንድ ሜትር ኩቡ 30 ኪሎ ይመዝናል ማለት ብቻ ነው። በዚህ ጉዳይ ከስንቱ ጋር እንደተጨቃጨቅሁ አልነግርሽም።) ከነሽፋኑ 2 ኪሎ አይሞላም፤ ከተፈቀደልሽ 23 ኪሎ ላይ ስትመለሺ ለበርበሬውም ለሽሮውም ይተርፍሻል።

ጥንካሬው በቂ መሆኑን በአውራ ጣቴ ብቻ አላመንኩም። የጎረቤታችን ልጅ ነርስ ናት፤ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ወላጆች የሕፃን ፍራሽ በቤታቸው የሚፈትኑበትን ዘዴ አሳየችኝ። 12 ሲዲ ተቆልሎ ፍራሹ ላይ ይቀመጣል። በሲዲዎቹ ላይ ሁለት ባለ 1 ሊትር የወተት ካርቶን አንዱ በሌላው ላይ በጎናቸው ይጋደማሉ፤ የታችኛው ከሲዲው ጠርዝ 4 ሳንቲሜትር ወጣ ይላል። ያ የወጣው ጫፍ ፍራሹን ከነካ ፍራሹ ለሕፃን ለስላሳ ነው፣ አይሆንም። የሚኒባስ ሾፌሮች ወንበር ሥር የረሷቸው ሲዲዎች አንድ መሳቢያ ሙሉ ስላሉኝ እርሱ አላስቸገረም። ወተቱን ከሱቅ ገዛሁ። የመጀመሪያው ናሙናዬ ላይ ካርቶኑ እንደ ሰካራም ዘንበል ብሎ ጫፉ ስፖንጁ ላይ ተኛ። እርሱ ሁለቱም ንብርብር ከሶፋ ስፖንጅ የሠራሁት ነበር። ሁለተኛው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጎንበስ ብዬ ሳየው ከሥሩ ብርሃን ይታያል። ወተቱን እናትሽ አይብ አወጣችበት።

አየሽ፣ ይህን ያህል የተጨነቅሁት ማሙሽ እላዩ ላይ እንቅልፍ እንደሚጥለው ስለማውቅ ነው። ሲጥለው ግን አንስተሽ አልጋው ላይ በጀርባው አስተኚው። በእኛ ጊዜ በሆዱ ይተኛ፣ በጎኑ ይተኛ ይባል ነበር፤ አንቺንም እንደዚያ ነው ያሳደግንሽ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በሆድ ማስተኛት ይቅር ያለው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በ1994 በጀርባ ማስተኛት በዘመቻ ለሕዝብ ከተነገረ በኋላ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በዚያ አገር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ለእናትሽ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ያኔ ማን ነገረን?» አለችኝ።

መታጠፊያውን እንደ መጽሐፍ ወደ ውስጥ የሚዘጋ አድርገሽ ነበር የሣልሽው፣ ሕፃኑ የሚተኛበት ገጽ እንዳይቆሽሽ። ሐሳቡ ገብቶኛል። ነገር ግን ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ ስፖንጁ ከላይ በኩል መሰንጠቅ አለበት፤ ሲዘረጋ ሁለት ቦይ ይቀራል። ጭንቅላት ደግሞ መርጦ አይወድቅም፣ ቦዩ ላይ ቢያርፍ ከሥሩ ጨርቅ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ከታች በኩል ጥግ ጥጉን ሸርፌ፣ የላዩን ንብርብር ሳልቆርጥ፣ ወደ ታች የሚታጠፍ አደረግሁት። አሁን ሲታጠፍ የሕፃኑ ገጽ ወደ ውጭ ይሆናል፤ እናትሽ ለዚህ ከአቡጀዲ ከረጢት ሰፍታለታለች። ቆሻሻ በሳሙና ይለቃል።

የሶፋ ቁልፎቹንም ትቻቸዋለሁ። ቁልፍ ማሠር እወዳለሁ፣ እጄም የታወቀበት ሥራ ነው፤ ግን ሕፃን የሚነካውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው። ባንቺ አገር ለትናንሽ ልጆች የሚሠራ ዕቃ የሚፈተንበት አንድ ትንሽ ቱቦ አለ። ስፋቱ 31.7 ሚሊሜትር ነው፣ የሕፃን ጉሮሮ አምሳያ። እዚያ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ያለው ዕቃ ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሸጥም። የእኔ ቁልፎች ይገቡበታል። የዚፑን መጎተቻም ቆርጬ አውጥቻለሁ። ስትከፍቺ የወረቀት መያዣ ሽቦ አስገብተሽ ሳቢው፣ ስትጨርሺ አውጪው።

«እንደ እንቆቅልሽ የሚገጣጠመው ባለቀለም ፎም ርካሽ ነው፣ ለምን ያን አትገዛላትም» ያለኝም ሰው አለ። ከዕቃው ሲወጣ የሚሸተውን ሽታ ታውቂዋለሽ? ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ እንዲህ ያሉትን ምንጣፎች ፎርማማይድ የሚባል ኬሚካል ስለተገኘባቸው ከገበያ አግዳ ነበር። ሁሉም መጥፎ ነው አልልም። እኔም የእኔን ፎም ሁለት ሳምንት ጣሪያ ላይ አናፍሼዋለሁ፤ አፍንጫው ምንጣፉ ላይ የሚውል ሰው ነው የሚተኛበት።

አንድ ነገር ደግሞ ከእናትሽ ጋር እያከራከረን ነው። ምንጣፉን ሳሎን ውስጥ ቡናው ከሚፈላበት አጠገብ ልታነጥፈው አስባለች፣ «ሕፃኑ ሰው እንዲያይ» ነው የምትለው። ምንጣፉ አጥር የለውም። ዛሬ የማይንቀሳቀሰው ማሙሽ እናንተ ስትደርሱ የሰባት ወር ልጅ ይሆናል፣ ከሰል ማንደጃውና ጀበናው ክንድ ከማይሞላ ርቀት ላይ ናቸው። አያትሽ እሳት ዳር ስትሆን ልጅ ከአንቀልባ አታወርድም ነበር። ቆዳው ለስላሳ ስለሆነ አይደለም፣ ልጁ ጀርባዋ ላይ ስለሆነ ነው። ለጊዜው ምንጣፉ መኝታ ቤት፣ ቡናው ሳሎን በሚለው ተስማምተናል። ስትመጪ እኔን ደግፊኝ።

ትናንት ማታ ጨርሼዋለሁ ልልሽ ነበር። ሽፋኑን ዙሪያውን በ24 እስፒል ይዤ ነበር የሰፋሁት፤ ስነቅላቸው 23 ሆኑ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ 23። ከአሮጌ የመኪና ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት ምንጣፉ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬድኩት፣ ምንም አልያዘም። እናትሽ «ከሌለ የለም፣ ተኛ» አለችኝ። አልተኛሁም፤ ቅምቀማውን በሙሉ ተረተርኩት፣ ሁለቱን ንብርብር ለያይቼ በጣቴ ዳሰስኩ። ጠዋት ስጠርግ እስፒሏ ከስፌት መኪናው ፔዳል ሥር ተገኘች።

ስለዚህ ሥራው አንድ ሳምንት ዘግይቷል። አሁን በእስፒል መያዙን ትቼ በልብስ ማስጫ መቆንጠጫ እየያዝኩ ነው የምሰፋው፤ እናትሽ ያጠበችውን ልብስ የምትሰቅልበት አጥታ ስታጉረመርም ይሰማኛል። ሻንጣሽን ከውስጥ ለክተሽ ወርዱን ላኪልኝ። የታጠፈው 42 በ70 ነው፣ ውፍረቱ 9።

ማሙሽን ጉንጩን ሳሚልኝ።

አባትሽ