ለአባባ፣ ስለ ለቀቅኳት ዓሣ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እማዬስ እንዴት ናት? ወገቧ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ ባለፈው እሑድ እህቴ በስልክ የነገረችኝ ነገር ነው። የላክሁላትን የዓሣ ፎቶ አሳይታዎት፣ ብዙ ካዩት በኋላ «ታዲያ ይህን የሚያህል ነገር እጁ ገብቶ ለምን ለቀቀው? ጠግቦ ነው?» አሉ አለችኝ። ንግግርዎ ሌሊቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋም። በስልክ ልመልስልዎ ብዬ ነበር፤ ስልክ ግን ለአጭር ወሬ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ጠግቤ አይደለም አባባ። ከሥሩ ልንገርዎ።

ዓሣው ፓይክ ይባላል። ረጅም ነው፣ አፉ እንደ ዳክዬ ጠፍጣፋ፣ ጥርሱ እንደ መርፌ የሾለ። ሣርና ሸምበቆ ውስጥ አድፍጦ ሌሎች ዓሦችን እያደነ የሚኖር ነው። ግዙፎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ወንዱ ያን ያህል አያድግም። ስለዚህ እኔም ከዚህ በኋላ «እሷ» እያልኩ ነው የምጽፍልዎ።

ግን በፎቶ ካዩዋት በፊት ሌላ ነበረች። የእሷን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከሌሊት ሥራ ወጥቼ፣ ሳልተኛ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ሙቀቱ የጸናበት ሳምንት ነበር። ትልቅ ዓሣ ይገጥመኛል ብዬ አላሰብኩም፤ ቢገጥመኝ ምን አደርገዋለሁ ብዬማ ጨርሶ አላሰብኩም። ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ክሬ ቀጭን ስለነበር ቶሎ ላወጣት አልቻልኩም፤ እየጎተትኩ እየለቀቅኩ ብዙ አደከምኳት። ስትወጣ ደረቅ ሣር ላይ አስተኛኋት። በደረቀ እጄ አገላበጥኳት። ስልኬን ፈለግሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ አልጥም አለኝና ደገምኩ። አንዴ «ልውሰዳት» እላለሁ፣ አንዴ «ታሳዝናለች» እላለሁ። ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አላውቅም። መጨረሻ ላይ አንጀቴ አልችል አለና ወደ ውሃው መለስኳት። ቀስ ብላ ስትሄድ መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ እያለኝ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ እዚያው ሸምበቆው ሥር ሆዷን ወደ ላይ ገልብጣ አገኘኋት። ዓይኗ ነጥቷል፤ ሣሩ ላይ ባስተኛኋት በኩል ቅርፊቷ ተልጧል። አልበላኋትም፣ አላኖርኳትም። እርስዎ ከገበታ ላይ ፍርፋሪ ለቅመው ያሳደጉኝ ልጅ ያን ሁሉ ሥጋ ለዝንብ ሰጠሁ። ያን ቀን ማጥመድ ልተው ብዬ ነበር።

ያልተውኩት አብሮኝ በሚያጠምድ አንድ ሽማግሌ ምክንያት ነው። የሆነውን ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ «ምን እንደምታደርጋት የምትወስነው መንጠቆህን ከመጣልህ በፊት ነው፤ ከወጣች በኋላ ጊዜ የለህም» ብቻ አለኝ። ሲያስረዳኝ ገባኝ። ስትታገል የቆየች ዓሣ ዳገት በሩጫ እንደወጣ ሰው ናት፤ አየር አጥሯታል። ከውሃ ስናወጣት ስንጥቧ እርስ በርሱ ይጣበቅና መተንፈስ አትችልም፤ የሮጠውን ሰው አፍና አፍንጫ ይዞ እንደ ማፈን ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 (ከዚህ በኋላ የምጽፍልዎ ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) የወጣ አንድ ጥናት ይህን በትራውት ዓሣ ላይ ለክቶታል። እስኪደክሙ እንዲዋኙ ተደርገው ከውሃ ካልወጡት ውስጥ 12 በመቶው ብቻ ሞቱ። ከድካሙ በኋላ 30 ሰከንድ አየር ላይ ከቆዩት 38 በመቶ፣ 60 ሰከንድ ከቆዩት ደግሞ 72 በመቶ። አንድ ደቂቃ ነው አባባ! እኔ ፎቶዬን የደገምኩበት ጊዜ። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ብትመለስም እፎይ የምትልበት አታገኝም። ገላዋ ላይ ያለው ያ የሚያሙለጨልጭ ልባስም ከበሽታ የሚጠብቃት ነው። ደረቅ እጅና ደረቅ ሣር ይገፉታል።

«እሺ፣ ታዲያ ለምን አትበላትም?» ይሉኛል። እበላለሁ። 60 እና 65 ሴንቲሜትር የሆኑትን አመጣለሁ፤ ሥጋቸውም የሚጥመው በዚያ ዕድሜ ነው። ለመብላት ከሆነ ያለ ማመንታት ወዲያው ጭንቅላቷን መትቶ መግደል፣ ስንጥቧን ቆርጦ ደሟን ማፍሰስና በረዶ ላይ ማስቀመጥ ነው። ባልዲ ውስጥ ስትንፈራገጥ እስክትሞት መተው ለእሷም ጭካኔ ነው፣ ሥጋውንም ያበላሻል።

የትልቋን ዓሣ መብላት ግን በሁለት ነገር አልተዋጠልኝም። አንደኛው ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ብረት ነው። ሐይቁ ሥር ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ ባሰ መርዘኛ ዓይነት ይቀይሩታል፤ ትንሹ ዓሣ ይወስደዋል፣ ትንሹን መካከለኛው ይበላዋል፣ መካከለኛውን እሷ ትበላዋለች። ብዙ ዓመት የኖረች አዳኝ የስንቱን ዓሣ መርዝ በሥጋዋ አጠራቅማለች። ከጮማው ጋር ተቆርጦ አይወጣም፣ በእሳትም አይጠፋም። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ከትልልቅ አዳኝ ዓሦች እንዲርቁ የሚመከሩትም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው እንቁላሏ ነው፤ ይኸኛው ይበልጥ ልቤን ነክቶታል። የከባድ ዓሣ እንቁላል በክብደቷ ልክ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት የአትላንቲክ ኮድ የምትባለዋን የባሕር ዓሣ ምሳሌ አድርጎ አስልቶታል፦ አንዲት 30 ኪሎ የምትመዝን ሴት የምትጥለውን እንቁላል ለመተካት 2 ኪሎ የሚመዝኑ 28 ሴቶች ያስፈልጋሉ። ሃያ ስምንቱ ተደምረው 56 ኪሎ ይሆናሉ፤ የእሷን እጥፍ ሊሆኑ ትንሽ ነው የሚቀራቸው። የኔዋ ኮድ አይደለችም፤ ሆኖም ያን ቁጥር ካነበብኩ ወዲህ ትልቅ ዓሣ ሳይ የሚታየኝ ሥጋዋ ሳይሆን የልጅ ልጆቿ ናቸው።

ይህን ስል በልተው ባደሩት ላይ እየፈረድኩ እንዳይመስልዎ። በ1932 አሜሪካ ውስጥ፣ ጆርጂያ በሚባለው ግዛት፣ ጆርጅ ፔሪ የተባለ ወጣት ባስ የሚሉትን ዓሣ ያዘ። ክብደቱ ወደ 10 ኪሎ፤ የዓለም ክብረ ወሰን። ክፉው የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበርና አስመዘነው፣ ወደ ቤቱ ወሰደው፣ ቤተሰቡ በላው። ክብረ ወሰኑ እስከ ዛሬ አልተሰበረም። በ2009 ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ ቢዋ ሐይቅ ላይ የያዘው በጥቂት ግራም ቢበልጥም፣ ልዩነቱ ለመስበር ስላልበቃ አቻ ተብሎ ነው የተመዘገበው። ስለ ፔሪ ሳስብ ሁልጊዜ እርስዎ ይመጡብኛል። የተራበ ቤት ይዞ ግድግዳ ላይ ልስቀለው ቢል ኖሮ ነውር ይሆን ነበር። እኔ እዚህ ለብቻዬ ነኝ፤ 10 ኪሎ ዓሣ ማን ይበላልኛል? ግማሹ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከርሞ ሊጣል።

ሕጉስ ቢሉኝ፣ ሕጉም በየአገሩ ይለያያል። አንዳንዱ ቦታ ትልቋን የግድ መልስ ይላል፣ መካከለኛዋን ብቻ ያስወስዳል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ደግሞ ለመልቀቅ ብሎ ማጥመድ ራሱ እንስሳን ያለ ምክንያት ማሠቃየት ነው ተብሎ ከ2009 ጀምሮ ተከልክሏል። ይህን ሳነብ ብዙ አሰብኩ። ነቀፋቸው እውነት አለበት፤ መንጠቆው ያማታል። እኔ የማጠምድበት ሐይቅ ደንብ ግን መውሰዱንም መልቀቁንም ይፈቅዳል፤ ምርጫው የራሴ ነበር።

ግድግዳ ላይ መስቀሉንም አስቤው ነበር፤ አልዋሽዎትም። ሽማግሌው ሳሎን ውስጥ ከአርባ ዓመት በፊት የያዛት አንዲት ቆዳዋ ደርቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች፣ ክንፏን ዘርግታ። ሳያት ቀናሁ። እሱ ግን ዛሬ ቢሆን አልገድላትም ነበር አለኝ። ቆዳው ሲደርቅ ቀለሙ ስለሚጠፋ የሚታየው ውበት ከላይ የተቀባ ነው። አሁን ርዝመቷን፣ ዙሪያዋንና ጥሩ ፎቶ ከሰጡት ባለሙያው በፋይበርግላስ ቁርጥ እሷን አድርጎ ይሠራታል፤ እሷም ውሃዋ ውስጥ ትኖራለች። ጃፓኖች ደግሞ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ዓሣውን ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ ያትሙታል፤ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይወጣል። ጊዮታኩ ይሉታል። ከሁሉም ይበልጥ ደስ ያለኝ እሱ ነው፤ ከታተመ በኋላ ታጥቦ ይበላልና።

እንግዲህ ፎቶ ላይ ወዳዩዋት ልምጣ። ቅጠሉ የሚረግፍበት ጊዜ ነበር፤ ውሃው ቀዝቅዟል። ከዋዜማው ወስኜ ነው የተኛሁት፦ ለእራት የምትሆን ትንሽ ከመጣች እወስዳለሁ፤ ከ1 ሜትር ከበለጠች ትመለሳለች፤ መንጠቆው ስንጥቧን ቀዷት ደም ካፈሰሰች ግን ብትለቀቅም ስለማትተርፍ፣ የፈለገ ብትገዝፍ ለሰው ትሆናለች። ወፍራም ክር አዘጋጀሁ። የማስተኛበትን ምንጣፍ ነከርኩት። ረጅም ፒንሳ ቀኝ ኪሴ፣ ሲባጎ ግራ ኪሴ።

ስትይዝ ድንጋይ የያዝኩ መሰለኝ፤ ከዚያ ድንጋዩ ሄደ። ሽማግሌው መረቡን ከሥሯ ሰደደ፤ ከውሃው ግን አላወጣናትም። መንጠቆው ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ነበር፤ በፒንሳ አንዴ ጠመዘዝኩት፣ ወጣ። ደም የለም። እጄን ነከርኩ፣ አንዱን ከሆዷ ሥር አንዱን ከጅራቷ በላይ አድርጌ ትንፋሼን ያዝኩ። ሽማግሌው ያስተማረኝ ነው፤ አየር ላይ እስካለች አንተም አትተንፍስ፣ ሲጨንቅህ እሷም ጨንቋታል ይላል። ምንጣፉ ላይ ሲባጎውን ከአፏ እስከ ጅራቷ ዘርግተን ቋጠርን፣ ሆዷን አንዴ ዞርን፣ ቋጠርን፣ ቀና አድርጌ ያዝኳት፣ አንድ ፎቶ። ደረቴ ሊፈነዳ ሲል ውሃ ውስጥ ነበረች።

ከዚያ ያለው ፎቶ ላይ የለም። እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ቆሜ ጅራቷን ይዤ ጠበቅኳት። ስንጥቧ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሲከፈት ውስጡ ደማቅ ቀይ ነው። ዓይኗ ወርቅማ ነው፤ ጎኗ ላይ ያሉት ቢጫ ነጠብጣቦች ከውሃው በታች ፀሐይ እንደወደቀባቸው ቅጠሎች ይመስላሉ። መጀመሪያ እጄ ላይ ተኛች። ቆይታ ጀርባዋ ቀጥ አለ፤ ጡንቻዋ ከመዳፌ ሥር ሲጠነክር ተሰማኝ። ልልቀቃት አልልቀቃት ሳልል እሷው ወሰነች፤ ጅራቷን አንዴ ስትመታ ፊቴ በውሃ ታጠበ፣ የለችም። ሽማግሌው ባርኔጣውን አነሳ። እኔ እርስዎ አጠገቤ ቢሆኑ ብዬ ተመኘሁ፤ አለቀስኩም።

ሲባጎውን ቤት ስለካው ርዝመቷ 113፣ ዙሪያዋ 50 ሴንቲሜትር ሆነ። ርዝመቱን በዙሪያው ሁለት ጊዜ አባዝቶ ለ28,900 ማካፈል ክብደቱን በኪሎ ይገምታል፤ ወደ 10 ኪሎ ይጠጋል። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ሸምበቆውን ዞሬ አየሁ። አልነበረችም።

ሲባጎው እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። አልታጠበም፣ እስካሁን ሽታዋ አለበት። እማዬ አንዱን ጫፍ ትያዝ፣ እርስዎ ቋጠሮውን ይያዙና ግድግዳው ላይ ዘርግታችሁ እዩት፤ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ቁመቷ ነው፣ ከዚያ እስከ ሁለተኛው የሆዷ ዙሪያ። ሲደርስዎ ለእህቴ ይንገሯትና ትደውልልኝ።

ልጅዎ