«ዜጋ» የሚለውን ቃል ከየት አመጣችሁት?

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ ያወጣችሁትን ሐተታ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ አውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራዬን እየጠበቅሁ፣ ሁለተኛ ደግሞ ቤት ገብቼ፣ ምናልባት ያሳሳተኝ ድካሙ ይሆናል ብዬ። ድካሙ አልነበረም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ «ለማንኛውም ዜጋ» መሣሪያ የመያዝ መብት ይሰጣል ትላላችሁ። ዝቅ ብላችሁ ደግሞ ነገሩ ሁሉ «የነጭ ገበሬ ልማድ» ነው፣ «እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንን የማይመለከት»፣ ለኢትዮጵያዊም «እንግዳ ሐሳብ» ነው ብላችሁ ዘጋችሁት።

እኔ ከእነዚያ «ከማይመለከታቸው» ወገኖች አንዱ ነኝ። ከ2001 ጀምሮ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ የአገራችንን ስጠቅስ እናገራለሁ)። እንጀራዬ ግን ከወንዙ ማዶ ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ሽጉጥ አለኝ። ስገዛው ዜጋ አልነበርኩም። በእናንተ ሐተታ መሠረት እንግዲህ ወይ ወንጀለኛ ነኝ፣ ወይ ጭራሽ የለሁም።

ከቃሉ ልጀምር። ማሻሻያው በ1791 ሲጸድቅ በእንግሊዝኛ 27 ቃል ነበር፤ ዛሬም 27 ነው። በሚገባ የተደራጀ ሚሊሻ ለነፃ መንግሥት ደህንነት አስፈላጊ በመሆኑ ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብቱ አይነካም ነው የሚለው። ሃያ ሰባቱንም በጣቴ ቆጠርኳቸው፤ «ዜጋ» የለበትም። ያለው «ሕዝብ» ነው። ጸሐፊዎቹ «ዜጋ» የሚለው ቃል ጠፍቷቸው አይደለም፤ ፕሬዚዳንት ማን ሊሆን እንደሚችል ሲወስኑ በዚያው ሕገ መንግሥት ውስጥ ቁልጭ አድርገው ጽፈውታል። እዚህ ጋ ግን አልጻፉትም።

በእርግጥ ክርክር አለበት፤ እሱን አልክድም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ2008 የዲሲን የሽጉጥ እገዳ ባፈረሰበት ፍርድ ውስጥ «ሕግ አክባሪ ዜጎች» የሚል አነጋገር አለ፤ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው «ሕዝብ» በሚለው ውስጥ ይግባ አይግባ የበታች ፍርድ ቤቶች አሁንም ይነታረኩበታል። ይህን ብትጽፉ ኖሮ እጅ እነሣ ነበር። እናንተ ግን ክርክሩን ዘላችሁ ቃሉን ራሱን ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ከተታችሁት።

በተግባር ሕጉ የሚለው ይህን ነው፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ማንኛውም አሜሪካዊ ተጣርቶ መሣሪያ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም፤ ወረቀት የሌለው በፍጹም አይችልም። ይህን ለማወቅ የሕግ ምሩቅ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ የመሣሪያ ሱቅ ገብቶ የሚሞላውን ቅጽ ማየት ይበቃል። እኔ በ2004 ሞልቼዋለሁ። የየት አገር ዜጋ ነህ የሚል ሳጥን አለው፤ «ኢትዮጵያ» ብዬ ጻፍኩበት። ሻጩ ሸምገል ያለ ሰው ነበር፤ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አየኝና፣ «የሩጫ አገር!» አለኝ። ከዚያ በስልክ አስጣራኝ። የሌሎቹ ደንበኞች ምላሽ ቡናቸውን ሳይጨርሱ ሲመጣ የእኔ ሁለት ቀን ፈጀ። ሁለት ቀንም ቢሆን ግን መጣ። ከእናንተ ሐተታ ይልቅ ያ ሻጭ የአገሩን ሕግ ያውቅ ነበር።

ለምን ገዛህ ትሉኝ ይሆናል። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ወጣቶች አሳፍሬ ነበር። አንደኛው ከኋላዬ አንገቴ ሥር ብረት አስጠጋ። ብረቱ እንዴት ይቀዘቅዝ እንደነበር ዛሬም ሻሽ ስጠመጥም ትዝ ይለኛል። የቀኑን ገቢ፣ ስልኬንና የጋብቻ ቀለበቴን ወሰዱ። ፖሊስ ሲመጣ ጠባ። የመጣውም ሰው የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ፣ «እዚያ ሰፈር በዚያ ሰዓት ምን ትሠራ ነበር?» የሚል ነበር። ታክሲ እየነዳሁ፣ ጌታው።

ነገሩ የሚያስቀውም የሚያስለቅሰውም እዚህ ላይ ነው። ሽጉጡን የገዛሁት ታክሲ ውስጥ ለደረሰብኝ ነገር ነው፤ ታክሲ ውስጥ ግን አንድም ቀን አልነበረም። የፖቶማክን ድልድይ ስሻገር በቨርጂኒያ መብት የነበረው ነገር በዲሲ ወንጀል ይሆን ነበር። ዲሲ ከ1976 ጀምሮ ሽጉጥ በገዛ ቤት ማስቀመጥን እንኳን ከልክላ ነበር። የቤቱ እገዳ በ2008 ሲፈርስ መንገድ ላይ መያዝ እንደተከለከለ ቀረ፤ እሱም በ2014 በፍርድ ቤት ወደቀ። ወዲያው ከተማዋ «በቂ ምክንያት» የሚባል አመጣች፦ ወንጀል የበዛበት ሰፈር መኖርህ ወይም መሥራትህ ብቻውን ምክንያት አይሆንም፣ አንተን ለይቶ የሚያሰጋህ ነገር መኖሩን አስረዳ። ዘራፊው አስቀድሞ በስሜ ደብዳቤ መጻፍ ነበረበት ማለት ነው። ይህም በ2017 ተሻረ። እኔ እስከዚያ ሃምሳ ዓመት እየተጠጋኝ ነበር፤ ሌሊት መሥራትም ትቻለሁ።

አሁን ወደዚያ የ2008 ፍርድ ልመለስ፤ ከሁሉ የከነከነኝ እሱ ነውና። «ሄለር የተባለ ፖሊስ ከተማዋን ከስሶ አሸነፈ» ብላችሁ አለፋችሁት። ሰውየው የፌዴራል ሕንፃ የሚጠብቅ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር፤ ቀን ሥራ ላይ ይታጠቃል፣ ማታ ቤቱ ሽጉጥ ማስቀመጥ አይችልም። ይህ ትንሽ ስሕተት ነው፤ ይቅር። ክሱ በ2003 ሲከፈት ግን የሄለር ክስ አልነበረም። ከሳሾቹ ስድስት ነበሩ፤ መዝገቡ የተከፈተውም ሼሊ ፓርከር በምትባል ጥቁር ሴት ስም ነው። ዲሲ ውስጥ በምትኖርበት መንገድ ላይ ዕፅ የሚሸጡትን ከሰፈሯ ለማስወጣት ስትታገል የዛቱባት ሴት ናት። ታዲያ ስሟ የት ገባ? ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2007 የመክሰስ መብት ያለው ሄለር ብቻ ነው አለ፤ እሱ የፈቃድ ማመልከቻ አስገብቶ ስለተከለከለ፣ እሷ ደግሞ ማመልከቻ ስላላስገባች። ሕጉ ጭራሽ የማይፈቅደውን ነገር በጽሑፍ ለምኖ መከልከል ነበረባት! መዝገቡ ስሙን ቀየረ፣ ሄለር ታሪክ ሆነ፣ በሯ ላይ የተዛተባት ሴት ጠፋች። ፍርድ ቤቱ ሲያስወጣት በወረቀት ምክንያት ነው፤ እናንተ ያስወጣችኋት በምን ምክንያት ነው?

«የነጭ ገበሬ ልማድ» ላላችሁት ደግሞ ይህን እንካችሁ። በ1857 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ቶኒ በድሬድ ስኮት መዝገብ ጥቁሮች ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ሲፈርድ፣ ዜጋ ቢባሉ ሊመጣ ነው ብሎ ከዘረዘረው መዓት ውስጥ አንዱ በሄዱበት ሁሉ መሣሪያ ይዘው መሄዳቸው ነበር። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1865 ሚሲሲፒ ነፃ የወጡት ጥቁሮች ያለ ልዩ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዙ ሕግ አወጣች። ፈቃጁ ማን እንደነበር ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። አይዳ ቢ. ዌልስ እንደ እናንተው ጋዜጠኛ ነበረች፤ ሜምፊስ የነበረውን የጋዜጣዋን ቢሮ ነጮች ባወደሙበት በ1892 ነው ዊንቸስተር ጠመንጃ በእያንዳንዱ ጥቁር ቤት የክብር ቦታ ሊኖረው ይገባል ብላ የጻፈችው፤ ሕግ ሊሰጥ ያልፈለገውን ጥበቃ እሱ ይስጥ ብላ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1956 ቤቱ በቦምብ ሲመታ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ ጠይቆ ተከልክሏል። አዎ፣ ያው የሰላማዊ ትግል ሰው። ሉዊዚያና ውስጥ በ1964 ጆንስቦሮ ላይ የተደራጁት ጥቁር የቀድሞ ወታደሮች ደግሞ ፈቃድ ሰጪ እስኪገኝ አልጠበቁም፤ የመብት ታጋዮች ባደሩበት ቤት በር ላይ ጠመንጃ ይዘው ተቀመጡ። በ1967 ካሊፎርኒያ ውስጥ ብላክ ፓንተር የተባለው የጥቁሮች ድርጅት አባላት በሕጉ መሠረት ታጥቀው አደባባይ ሲወጡ ምን ሆነ? ሕጉ ተቀየረ። የፈረመው አገረ ገዥ ሮናልድ ሬገን ነው፤ በኋላ የመሣሪያ መብት ወዳጅ የተባለው።

የትኞቹ ነጭ ገበሬዎች ነበሩ እነዚህ?

«እንግዳ ሐሳብ» ላላችሁትም አንድ ነገር ልበል። አያቴ መንዝ ውስጥ ጣሊያን መሣሪያ አስረክቡ ሲል ውጅግራውን ጎተራ ውስጥ እህል ሥር ቀብሮ፣ «የለኝም» ብሎ ምሎ፣ በክረምቱ አውጥቶት ጫካ የገባ ሰው ነው። አንድ ጥይት አጉራሽ አሮጌ ጠመንጃ ነበር። ሲሞት አባቴ ወረሰው፣ አዲስ አበባ አመጣውና ኮርኒስ ላይ አስቀመጠው። በ1969 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ደርግ ከተማዋን ዘግቶ ቤት ለቤት ሲያስስ የቀበሌ ታጣቂዎች መጡ። አባቴ ራሱ ወንበር ላይ ወጥቶ አወረደላቸው። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አቧራው ፀጉሩ ላይ ሲረግፍ አይቻለሁ። አንደኛው ከደብተር ላይ ገንጥሎ ደረሰኝ ጻፈለት፤ ያ ወረቀት እናቴ ሣጥን ውስጥ ከክርስትና ምስክር ወረቀቶቻችን ጋር ታጥፎ እስክትሞት ድረስ ተቀምጦ ነበር። በዚያው ሳምንት የጎረቤታችንን ልጅ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ያ ውጅግራ ኮርኒሱ ላይ ቢቀር ልጁን አያተርፍም ነበር፤ እንዲያውም የእኛንም ቤት ያስጨርስ ነበር፤ ይህን ለማወቅ አልሰነፍኩም። ነገር ግን ሊገዛህ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ኮርኒስህን ለምን እንደሚፈትሽ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ሐሳቡን ከአሜሪካ አልተማርነውም።

የሞት ቁጥሮቻችሁን አልነካም፤ አስደንጋጭ ናቸው። በ2021 ብቻ አሜሪካ ውስጥ 48,830 ሰው በመሣሪያ ሞቷል። ከግማሽ በላዩ ግን ራሱን ያጠፋ ሰው ነው፤ እናንተ ሁሉንም «የተገደለ» ብላችሁ ደመራችሁት። ቤት ውስጥ ያዘነ ሰው ካለ ሽጉጡን ከቤት አውጡ የሚል አንድ መስመር ብትጨምሩ ከሐተታው ሁሉ ይልቅ ለወገን ይጠቅም ነበር። እኔ ራሴ አንድ ክረምት ሥራ አጥቼ በከፋኝ ጊዜ ሽጉጤን ወንድሜ ጋ አስቀምጬዋለሁ።

መብቱን ስከላከል ደግሞ ሙሉ ነው ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ፊላንዶ ካስቲል የሚባል የ32 ዓመት ጥቁር ሰው በ2016 ሚኔሶታ ውስጥ መኪናው ውስጥ ነበር፤ ከኋላ የጓደኛው የአራት ዓመት ልጅ ተቀምጣለች። መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ ነበረው። ትራፊክ ሲያስቆመው በትሕትና መሣሪያ እንደያዘ ተናገረ፤ ፖሊሱ ወዲያው ሰባት ጊዜ ተኮሰ። በቀጣዩ ዓመት ፖሊሱ በነፃ ተሰናበተ። ትልቁ የመሣሪያ መብት ማኅበር ያወጣው የመጀመሪያ መግለጫ የሟቹን ስም እንኳን አልጠራም። እዚያ ላይ «ሕዝብ» የሚለው ቃል ማን ማን ላይ እንደሚደርስ እናንተ ብትጠይቁ ሐተታ ይሆን ነበር። እኔ ስቆም ሁለት እጄን መሪው ላይ አድርጌ መስኮቱን አስቀድሜ እከፍታለሁ፤ መንጃ ፈቃዴ ፀሐይ መከላከያው ሥር በጎማ ታስሮ ነው የሚቀመጠው፣ ኪስ ውስጥ እንዳልገባ።

ስለዚህ እርማት እጠይቃለሁ። ብዙ አይደለም። «ለማንኛውም ዜጋ» የሚለው «ለሕዝቡ» ይሁን፤ ከሄለር ፊት ሼሊ ፓርከር የሚል ስም ይግባ። ዜጋ ከሆንኩ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ለእኔ ብላችሁ አታርሙት። ትናንት በዲቪ የገባ ልጅ አለ፤ ሌሊት የሚነዳ፤ የእናንተን ድረ ገጽ እያነበበ ተራውን የሚጠብቅ።

አንባቢያችሁ፣
የታክሲ ሹፌር፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ