የእናትሽ ካርቶን

የኔ ዓለም፣ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ደሴ ብርዱ ብሶበታል፣ ጦሳም ጉሙን እንደለበሰ ነው የሚውለው።

ባለፈው በስልክ የተጨቃጨቅነው እንቅልፍ ነሳኝ። «አባዬ፣ መድኃኒት ሳይፈተሽ አይሰጥም» አልሽኝ፣ ለእርጉዞች ማቅለሽለሽ ይሰጥ የነበረውን የታሊዶማይድንም ነገር አነሳሽ። ገብቶኛል እኮ! በስንት ሀገር ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅ እግራቸው ሳይሟላ ሲወለዱ፣ ፍራንሲስ ኬልሲ የምትባለው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሐኪም በፈረንጆቹ 1960 አሜሪካ ላይ የፈቃድ ወረቀቱን አላሳልፍም ብላ ስንቱን አተረፈች። ሸጋ ሥራ ነው የሠራችው። የኔ ነገር ግን ሌላ ነው።

የእናትሽ መድኃኒት አዲስ አልነበረም። ሪሉዞልን አሜሪካኖች ያጸደቁት በፈረንጆቹ 1995 ነው፣ አንቺ ሳትወለጂ። ዶክተሩም አልዋሸንም። ኤ.ኤል.ኤስ. የሚሉት ጡንቻን እያዛለ የሚሄድ የነርቭ በሽታ አይድንም፣ ይሄ ኪኒን ቢጨምርላት ሁለት ሦስት ወር ነው አለን። ለሌላ ሰው ምንም ነው። እኛ ግን ኒካሽን እዚያ ውስጥ ቆጥረነው ነበር።

መድኃኒቱን ለማግኘት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባልኩ። የሐኪም ማስረጃ አሉኝ፣ ወሰድኩ። ማህተሙ አይነበብም አሉ፣ ያን ሁሉ መንገድ ደሴ ተመልሼ አስመታሁ። ከዚያ ፈራሚው ስብሰባ ገባ፣ ከዚያ መስክ ወጣ። መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ «ምላሷ እየታሰረ ነው» ብላት «አባቴ፣ ተራዎን ይጠብቁ» አለችኝ፤ ክፉም አልነበረች፣ ወንበር ሰጥታኛለች። ቤት ደግሞ እናትሽ መጀመሪያ ፍንጃሉን በሁለት እጇ ትይዝ ነበር፣ ኋላ እኔ ያዝኩላት፣ በመጨረሻ አቦሉም ያንቃት ጀመር፣ በረካ ሳይደርስ ረከቦቱን እናነሳ ነበር። ፈቃዱ የፈጀው ሦስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ነው። መድኃኒቱ ይሰጣት የነበረውን ወረቀቱ በላው።

ሬሊቭሪዮንም ነግረሽኛል። ለዚሁ በሽታ በፈረንጆቹ 2022 ጸድቆ፣ በኋላ ጥናቱ ሳይሳካ ቀርቶ በ2024 ከገበያ ወጣ። እሺ፣ ተሳስተዋል። የታመመው ግን ቢያንስ ሞክሮታል፣ ቁጭቱን ይዞ አልሄደም። አርባ ዓመት የሚጠብቀውንና አራት ወር የቀረውን በአንድ ሰልፍ ማቆም ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ካርቶኑ የደረሰው በሰደቃዋ ማግስት ነው። 56 ፍሬ፣ የ28 ቀን። አልከፈትኩትም፣ ከመስታወቱ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ትናንት ከመስጊድ ስንወጣ አንዱ ኮምቦልቻ ላይ ይኸው በሽታ የያዘው ሰው አለ አለኝ፣ መድኃኒቱን ፍለጋ ወረቀት ይዞ የሚንከራተት። ፋርማሲስቷ አንቺ ነሽ። ልስጠው ወይ? አይፈቀድም እንደምትይኝ አውቃለሁ፣ ብቻ ቶሎ ደውዪልኝ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቀን ሊያልፍ ነው።

አባትሽ